ከታች ወደ ላይ የተፋቀ ጣሪያ

«ፊደል ያልቆጠረች ምን ታስተምረናለች?» ያላችሁ አላችሁ። ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደከመም። በዓመት አንድ ቀን፣ በእናቶች ቀን ለስብከት ጉባኤው ፊት ታቆሙኛላችሁ፤ እሱንም «እማማ፣ አጠር ያድርጉት» እያላችሁ። እሺ፣ አጠር አደርገዋለሁ።

አንዲት ባልቴት ነበረች። ባሏ የተወላት አንድ የሸክላ ክዳን ቤት ነው። ዛፍ ስላጠላበት ያ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ሽበት ክዳኑን እንደ በግ ለምድ ሸፈነው። ውሃ እያቆረ ሸክላውን ሊበላባት ነው። ክረምቱ ደርሷል። ወዴት ትሂድ? ሌላ ቤት የላትም።

ወንዶቻችን ደቦ ወጡላት። እሰይ። አለቃቸው አቶ ሽብሩ ነበሩ፤ ይኸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ደቦን ታውቁታላችሁ፤ እጅ ያለ ዜማ አይሠራም፣ ዜማው ሲሞቅ ደግሞ ማን ይቅደም ነው። የመቧጠጫ ብረት ይዘው ክዳኑ ላይ ወጡና ከጠርዙ ወደ አናቱ እሽቅድምድም ገቡ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች» አለች ባልቴቲቱ ከታች ሆና፣ «ሸክላው ላይ አትቁሙ፤ መሰላል አጋድሙበት። ውሃ አርከፍክፉበት፣ ይለስልስ። ከዚያ በለስላሳ መጥረጊያ ከላይ ወደ ታች፣ ዝናቡ እንደሚወርደው።»

«እትዬ፣ እርስዎ ንፍሮውን ይመልከቱ፤ ጣሪያውን ለእኛ ይተዉት» አሏት አቶ ሽብሩ።

«ንፍሮው የእናንተ ነው። ጣሪያው ግን የኔ ነው።»

ሳቁ። ዜማው ድምፅዋን ዋጠው።

ከምሳ በፊት ጨረሱ። ክዳኑ አዲስ እንስራ መሰለ። ተመሰጋገኑ፣ በሉ፣ ሄዱ። ዝናቡ ሲመጣስ? ብረቱ ወደ ላይ ሲገፋ ሸክላውን ከሸክላው አላቅቆታል፤ እግራቸውም ሰንጥቆታል። ሽበቱ እያለ ጠብታ ያልገባበት ቤት፣ ሽበቱ ሲነሣ አልጋዋ ላይ ዘነበ።

ሽበቱ ሳይነካ ይቅር እያልኩ ነው? አይደለም። ሸክላ ይበላል፤ መነሣት አለበት። ግን ወገኖቼ፣ ደቦ የወጣችሁት ሽበቱን ለመጣል ነው ወይስ ቤቱን ለማዳን?

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ዘማሪያችን ማንደፍሮ ይጠጣ ነበር። ይጠጣ ነበር፤ አልሸፍንለትም። እናንተ ምን አደረጋችሁ? ቤቱ ሄዳችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ አነጋገራችሁት? በአቶ ሽብሩ መሪነት እዚህ መድረክ ላይ ገተራችሁት። አንዱ ሲገሥጽ ሌላው ሊበልጠው፣ እሱንም ሌላው ሊበልጠው፣ ሚስቱና ልጆቹ እያዩ። ከዚያ «ጉባኤያችን ጠራ» አላችሁ። ማንደፍሮ ግን ያኔ የገባበት መጠጥ ቤት ይኸው እስከ ዛሬ አላወጣውም። የማን አልጋ ላይ ዘነበ? የልጆቹ።

«እማማ፣ ይህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው» ትሉኝ ይሆናል። ንፍሮውን ተመልከቺ ማለታችሁ ነው። አልመለከትም።

አቶ ሽብሩ፣ የባልቴቲቱን ሸክላ በኋላ መልሰው የደረደሩላት እርስዎ ነዎት፤ መሰላል አጋድመው፣ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ። ስለዚህ ይችሉበታል። ዛሬ ከዚህ ሲወጡ ወደ ቤትዎ አይሂዱ፣ ማንደፍሮ ዘንድ ይሂዱ። ብቻዎን ይሂዱ፤ ደቦም ዜማም አያስፈልግም። በልጆቹ ፊት አዋርደውታል፣ በልጆቹ ፊት ይቅርታ ይጠይቁት። እሱን ይዘው እስኪመጡ ድረስ እዚያ ፊት ወንበር ላይ አይቀመጡብን።