ዓይን የሌለው ዕጣ አውጪ

ተረት ተረት! የዕጣ እንጨት!

በአንድ ዱር የአውሬው ልጆች በየዓመቱ ስንቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ተራራ ይወጡ ነበር። የሚያድሩበት ዋሻ ግን ከሦስት በላይ አይችልም። እንዳያጣላ ማን እንደሚሄድ ዕጣ ይጣል ተባለና ወላጅ ሁሉ ለየልጁ ምልክት ያለው ስንጥር ቅል ውስጥ ጨመረ። ዓይን ስለሌለው አያዳላም ብለው ፍልፈልን አውጪ አደረጉት።

ፍልፈል አፍንጫውን ቅሉ አፍ ላይ ደፍቶ ሲያማርጥ ቆየና ሦስት ስንጥር አወጣ። ሦስቱም የአያ ጥርኝ ልጆች ሆኑ፤ ስንጥሮቹም ዝባድ ዝባድ ይሸታሉ።

እመት ኤሊ ተቆጣች። «የኔ ልጅ ከተወለደ ጭነት ከጀርባው ወርዶ አያውቅም! እንዴት ሦስቱም ካንድ ቤት ይወጣል?»

«እመት ኤሊ፣ ዓይን የሌለው በምን ያዳላል?» አለ ፍልፈል መዳፉን እያሸተተ።

በዓመቱ ፍልፈል ይቀየር ያለ አንድም አልተገኘም። ወላጅ ሁሉ ስንጥሩን ይዞ ዝባድ ለማስቀባት ጥርኝ ደጅ ተሰለፈ። ከሰልፉ ፊት የቆመችው ዕጣው ወር ሲቀረው ከቤቷ የተነሣችው እመት ኤሊ ነበረች።

ጥርኝም ወጥቶ አያቸውና «ዝባዴ ከሦስት ስንጥር አያልፍም። እንዳትጣሉ ፍልፈልን ጥሩትና ዕጣ ያውጣላችሁ» አላቸው።

ተረቴን መልሱ፣ አፍንጫዬን አብሱ።