ውሃ ላይ ቆሞ የተጠማ ሙዝ

አንዲት ሴት በማለዳ ሙዝ ማሳዋ ውስጥ ገብታ አንገቷን ቀና አድርጋ ታያለች። ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ቢጫ ሆኗል። የታችኛው ከአንገቱ ተሰብሮ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብላ አፈሩን ጨበጠችው፤ ርጥብ ነው። የመስኖ ተራዋ ትናንት ነበርና ማሳው ጠግቦ ነው ያደረው። ሙዙ ግን ዝናብ ካየ ወራት ያለፈው ይመስል ጠውልጓል።

እስቲ ንገሩኝ፣ ውሃ ላይ የቆመ ተክል እንዴት ይጠማል?

እሷም ራሷን የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ስሟ አማከለች ነው። የምትኖረው ከአባያ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ቆላ ሲሆን፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያች ማሳ ነው። መጀመሪያ ውሃ አንሶት ይሆናል ብላ ቦዩን አሰፋች። ባሰበት። የደረቀውን በገጀራ እየቆረጠች፣ በዚያው ገጀራ ወደሚቀጥለው እየተሻገረች አጸዳች። ይብስ ብሎ በሽታው እሷን ተከትሎ የሚሄድ መሰለ።

በዚህ መሐል አንድ ጎረቤቷ ቦይ ዳር ቆሞ ወሬ ጣል አደረገ። በሽታው የመጣው ከወንድምሽ ማሳ ነው ይባላል አላት። ወንድሟ ኦይቻ ታላቋ ነው። ቀደም ባለው ክረምት አጭሩን፣ ድሮ የሚያውቁትን የሙዝ ዝርያ ከማሳው ነቅሎ፣ ከነአፈሩ በጆንያ ተሸክሞ አምጥቶ፣ ጉድጓዱንም ራሱ ቆፍሮ ተክሎላት ነበር። ታዲያ ወሬውን ስትሰማ፣ ሄጄ ልጠይቀው አላለችም። ዝም አለች። ዝምታው ሲከርም እምነት ሆነ፦ ወንድሜ አውቆ አፈሬን በከለብኝ አለች።

ከዚያ ደጄን እንዳይረግጥ ብላ ላከችበት። እናታቸው የምትኖረው እሱ ዘንድ ነበርና፣ እናቷን መጠየቅ ተወች። እሱ አለበት ብላ ከእድሩ ቀረች። ሚስቱ ትዘምራለች ብላ ከመዘምራኑ ወጣች። ትልቋ ልጇ የአጎቷን ስም ያነሳች ቀን፣ ከልጇም ጋር ነገሩ ሁሉ ከሰላምታ የማያልፍ ሆነ።

ልብ በሉ። አንድ ሰው ልትዘጋ ነበር የተነሳችው። ስንቱን ዘጋች?

አንድ ነገር ግን አላስቀምጥ አላት። ኦይቻ የተከለላት አጫጭሮቹ ሙዞች አረንጓዴ ናቸው። የሚሞቱት የሷዎቹ፣ ገበያው የሚወዳቸው ረጃጅሞቹ ናቸው። መጀመሪያ አናደዳት፤ የሱማ ምን ይነካዋል ብላ አለፈች። በማግስቱ ግን ቆመች። በሦስተኛው ቀን ቅጠሉን ዳሰሰች፣ ግንዱን መታ መታ አድርጋ አዳመጠች። አንድ አፈር፣ አንድ ቦይ፣ አንድ በሽታ። ታዲያ ይሄ ምን አውቆ ነው የሚኖረው? ንዴቷ አልበረደም፤ ማወቅ መፈለጓ ግን በለጠ። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ወረዳው ግብርና ቢሮ ሄደች።

ሰናይት የምትባል የእፅዋት በሽታ ባለሙያ አብራት መጣች። ወጣት ናት፤ ብዙ አታወራም። ማሳው ከመግባቷ በፊት ጫማዋን አጠበች፣ የያዘችውን ገጀራም በመድኃኒት ጠረገች። አማከለች ለምን እንደሆነ ስትጠይቃት፣ በሽታው አፈር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ መሆኑን፣ በጫማና በገጀራ፣ በቦይ ውሃም እንደሚሻገር ነገረቻት። አማከለች የራሷን ገጀራ አየች።

ሰናይት ከሚሞቱት አንዱን ከሥሩ አስተኝታ ግንዱን ሰነጠቀችው። ውስጡ ከታች እስከ ላይ ጠቆር ባለ ቀይ ክር ተሰምሯል። ቀጥላ ወደ አረንጓዴው ሄዳ ጎኑን ቆፈረችና ከሥሩ ቆርጣ አሳየቻት። ጫፉ ላይ፣ ትንሽ ቦታ፣ ያው ጠቆር ያለ ቀይ ክር አለ። ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው።

አማከለች ደነገጠች። "ልጄ፣ ይሄም ታሟል ማለት ነው?"

"ተነክቷል" አለች ሰናይት። "አልታመመም።"

ከዚያ ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው ሰናይት አስረዳቻት። ሥሩ ውስጥ ውሃ ወደ ላይ የሚያወጡ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉ። ፈንገሱ በሥሩ በኩል ይገባና በነዚያ ቱቦዎች ሽቅብ ይጓዛል። አረንጓዴው ሙዝ ጠላቱን ገና ሲገባ ያውቀዋል። የተነካውን ቱቦ ብቻ እንደ ሙጫ ባለ ነገር ይደፍናል፣ ግድግዳውን ያጠነክራል፣ ፈንገስ የሚጎዳ ነገርም ያመነጫል። ያቺ ትንሽ ሥር ትሞት ይሆናል፤ የቀረው ውሃውን መጠጣት አያቆምም።

"ያኛው መዝጋት አያውቅበትም?" አለች አማከለች ወደ ወደቀው ግንድ እያየች።

"ያውቃል እንጂ። ችግሩ ይዘገያል። እሱ እስኪነቃ ጠላት አልፎ ሄዷል። ከዚያ እዚህ ይደፍናል፣ እዚያ ይደፍናል፤ ፈንገሱም ራሱ የቀረውን ይሞላዋል። መጨረሻ ላይ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ አይኖርም።"

ሰናይት ችግኙ ከየት እንደመጣ ጠየቀቻት፤ ከወንድሜ አለች፣ ከነአፈሩ። እንግዲያው ፈንገሱ ከዚያ መጥቶ ሊሆን ይችላል አለች ሰናይት፤ ሰውዬው ግን ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም፤ የሱ ሙዝ ቅጠሉ ቢጫ አይሆንበትምና። ወሬው እውነት ነበረው፤ ፍርዷ ግን እውነት አልነበረውም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አማከለች ጫማዋን አጥባ ኦይቻ ቤት ሄደች። በሩ ላይ አገኘችው። አልተቃቀፉም። መግቢያው ላይ እንደቆመች፣ በሰማችበት ቀን ልትጠይቀው የሚገባትን ጠየቀችው።

"ያን ችግኝ ስትሰጠኝ፣ ታሞ እንደነበር ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም ነበር" አለ ኦይቻ። ቆየና፣ "ያኔ ብትጠይቂኝ ያኔ እነግርሽ ነበር" አለ። ድምፁ ውስጥ ቅያሜ ነበር፤ እሱም ተጎድቷላ።

እናታቸው ከውስጥ ሆና ማን መጣ ብላ ጠየቀች። አማከለች የሰማችው ያን ጊዜ ነው፤ እናቷ እሷ ደጁን በዘጋችበት ወቅት በጠና ታማ፣ አልጋ ይዛ፣ ተርፋ ተነስታለች። ሰው ሁሉ ያውቃል። ለአማከለች ግን የነገራት አልነበረም። ማን በየት በኩል ይንገራት? ወሬ የሚገባበትን ሁሉ ራሷ ደፍናዋለች። ከእናቷ እግር ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ አሮጊቷም ራሷን እየዳበሰች፣ ከስተሻል ከማለት ሌላ አልተናገረቻትም።

ማሳውስ? ረጃጅሞቹ አልተረፉም። አማከለችና ኦይቻ አብረው ነቅለው አቃጠሏቸው። ፈንገሱ ዛሬም አፈሩ ውስጥ አለ፤ ብዙ ዘመን ይቆያል ተብላለች። አጫጭሮቹ ግን እዚያው አፈር ላይ ቆመው ያፈራሉ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ምንም ነገር አትዝጉ ልላችሁ አልቆምኩም። እንዲህ ብዬ ብሰብክ ሙዙ ራሱ ይታዘበኛል። የተክሉን ሥር የሠራ አምላክ መዝጋትንም ሰጥቶታል። ክፉ ቃል ወደ ልባችሁ ሲገባ ይለፍ አትበሉት። ግን መቼ ዘጋችሁ? የቱን ዘጋችሁ? በጊዜ የሚዘጋ ጥቂት ይዘጋል። የሚዘገይ ሁሉን ይዘጋል።

ነገሩ በተሰማ ዕለት፣ ገና ከሥሩ ጫፍ ሳለ፣ ሄዳችሁ ብትጠይቁ የሚደፈነው አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች። እናንተ ግን ዝም አላችሁ። ዝም ብላችሁ ከረማችሁ። ከዚያ ወንድምን፣ ከወንድም ጋር እናትን፣ ከእናት ጋር ጸሎትን ዘጋችሁ። አሁን እዚህ ቃሉ እንደ ወንዝ በሚፈስበት ቤት ተቀምጣችሁ፣ ለምን ደረቅሁ ትላላችሁ። ውሃው እኮ አለ። እግራችሁ ሥር ነው። ማለፊያ ነው ያጣው።

እየተናገርኩ ሳለ የአንድ ሰው ስም ወደ ልባችሁ መጥቷል። አውቃለሁ። ያንን ሰው ፈርዳችሁበታል፤ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃችሁታል?

እንግዲያው ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። በእሱ ደጅ በኩል እለፉ።