የዘርፌ ሰንሰል

ድሮ ነው። የአያቴ ምርኩዝ ገና ችግኝ በነበረበት ዘመን፣ ጉንጭት በምትባል መንደር ዘርፌ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሀብቷ አንዲት ጓሮ ናት። ጓሮዋ ከባሻ ጓንጉል ማሳ ጋር ትዋሰናለች፤ ባሻ ደግሞ በየዓመቱ የእሾህ አጥሩን ሲያድስ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ይገፋል። የባሻ እርምጃ የዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ አንዱ እግሩ ወንዝ ማዶ ሲያርፍ ሌላው ገና ከደጁ አልተነሣም።

ጓሮዋ ካለቀ ዘርፌ ባሻ ቤት ገብታ ወፍጮ ከመፍጨት በቀር መውደቂያ የላትም። ስለዚህ ክረምት ሲገባ የሰንሰል ቅርንጫፍ ቆርጣ አጥር እንዲሆናት በቀረው ወሰኗ ላይ ተከለች። ባሻ ሳቀ፤ ሳቀና ፍየሎቹን ለቀቀባት። ሰንሰል ግን መራራ ነው። አውራው ፍየል ቀመሰው፣ ፊቱን አጨማደደ፣ እንደተጨማደደ ቀረ። ልጆቹም ያንኑ ፊት ይዘው ተወለዱ። ዘርፌ እፎይ አለች።

ሰንሰሉ ክረምት ከበጋ ሳይል ለመለመ። ንቡ አበባው ላይ፣ ወፉ ቅርንጫፉ ላይ፣ ቆቋ ሥሩ ላይ ሰፈሩ። ማለዳ ወፎቹ በአንዴ ብድግ ሲሉ አጥሩም አብሮ ከመሬት ስንዝር ይነሣ ነበር። ባሻ ለመንደሩ ሽማግሌ ለአባ ዘውገ አቤት አለ፤ የወፍ መንደር አቁማ ጤፌን ልታስበላ ነው፣ ይቆረጥልኝ አለ። ዘርፌ እህሉ እስኪያሸት እንዲታገሷት ለመነች። እህሉ ሳያሸት ተምች ወረደ። ሲያኝክ ድምፁ ቅዳሴ አላሰማ አለ። የዘርፌ ወፎች ግን ወጡ፤ በሉ፣ ጠገቡ፣ መብረር አቅቷቸው በእግራቸው ተመለሱ። የባሻም ጤፍ ተረፈ። ዘርፌ እፎይ አለች።

ባሻ ግን ውለታ ያንቀዋል። እሷ ለቅሶ ሄዳ ሳለ ሰንሰሉን ከሥሩ ቆርጦ ጣለው። የእሾህ አጥሩን እስከ ደጃፏ አመጣ። የተቆረጠውንም ሰንሰል አላባከነም፤ የገዛ ቤቱን ዙሪያ ጥቅጥቅ አድርጎ አጠረበት። ከዚያ ጓሮዋ ላይ ጤፍ ዘርቶ ክረምቱን ሙሉ እሳት ዳር ተቀመጠ። ዘርፌ ተመልሳ አለቀሰች፤ ወሰኔን ማን ይመሰክርልኛል አለች።

ዝናቡ ሲያባራ አባ ዘውገ ሊዳኙ መጡ። ከእሾህ አጥሩ ማዶ፣ ባሻ በዘራው ጤፍ መካከል፣ ሰንሰሉ ከጉቶው አቆጥቁጦ ቀጥ ብሎ ተሰልፏል።

«ባሻ፣ ውጣና ወሰንህን አሳየን» አሉ አባ ዘውገ።

ከወደ ቤቱ ቀጭን ድምፅ መጣ። «አባ፣ መጀመሪያ እኔን በሬን ያሳዩኝ።»

ለካ የተተከለው እንጨት ሁሉ ሥር ሰዶ፣ ቅርንጫፉ ተቆላልፎ፣ ቤቱን ውጦታል። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘርፌ አልሳቀችም፤ ማጭድ አምጥታ አጎንብሳ ቀዳዳ ከፈተችለት።

«በዚህ ይውጡ ጋሼ ባሻ፤ ጎንበስ ይበሉ እንጂ።»

ባሻ በደረቱ ተስቦ ወጣ። ቀና ብሎ አላያትም፤ እሾሁን በገዛ እጁ ነቅሎ ወሰደ። ያን ቀን ዘርፌ እፎይ ስትል የጎረቤት ቤት ክዳን ተነሣ ይባላል።

ዛሬም ጉንጭት ውስጥ ጎረቤታሞች ሰንሰላቸውን አብረው ይተክላሉ፤ ከሥሩም ቆቅ የምታልፍበት ቀዳዳ ይተዋሉ። «የዘርፌ በር» ይሉታል። ወሰን ያጣላቸው ሲኖሩም፣ «ደረቅ አጥር ይሄዳል፣ እርጥብ አጥር ይመሰክራል» ይባልና ዳኛው ተነሥቶ ምሳውን ይበላል።

እኔ ተረቴን ተከልኩ፤ ማጠጣቱ የእናንተ ነው።