የእሳትን እራት የጠበቀው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ጅብ ሹመት ባገኘበት በዚያ ጉደኛ ዘመን፣ ዙሪያዋን ባሕር የከበባት አንዲት የደሴት አገር ነበረች። አገሪቱ ከዳር እስከ ዳር ሣር ናት። ሣሩን አህያና ሚዳቋ ይግጡታል፤ ሚዳቋን አንበሳ ይበላታል፤ ከአንበሳ የተረፈውን አጥንት ደግሞ አያ ጅቦ ይቆረጥመዋል። እንግዲህ የአያ ጅቦ ጉሮሮ የተንጠለጠለው በሣሩ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ግን አንድ ቀን እንኳ አስቦት አያውቅም። የሚያስብበት ቦታ ሁሉ በሆድ ተይዞበታል።

በዚያ ሣር ውስጥ የእሳት እራቶች ይኖሩ ነበር። መቼም የእሳት እራትን የማያውቅ የለም፤ ማታ መብራት ሲያይ ተንደርድሮ መጥቶ የሚማገደው፣ ክንፉ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስለው፣ ያ ትንሽ ፍጥረት ነው። የእነዚህ መልካቸው የደረቀ ሣር ነው፤ አገዳው ላይ አናታቸውን ቁልቁል ደፍተው ሲቀመጡ ዓይን አይለያቸውም። የሚወለዱት ከሣሩ ሥር ነው፤ የሚያድጉትም ሣሩን በልተው ነው። ጎረቤት ሆነው የኖሩት አውሬዎች ግን ስማቸው ማን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም። «ብናኝ» እያሉ ያልፏቸዋል፤ ሲብስም ይረግጧቸዋል።

አንድ ቀን ከባሕር ማዶ ሽመላ የምትባለው እግረ ረጅሟ ወፍ መጣች። ሣሩ ላይ አርፋ ስትዘዋወር ውላ፣ እየተደነቀች ወደ አንበሳ ጉባኤ ሄደችና እጅ ነሣች።

«ጃንሆይ» አለች፣ «እኔ ያልዞርኩበት አገር የለም። እንዲህ ያለ የእሳት እራት ግን ከእርስዎ አገር በቀር የትም አላየሁም። እዚህ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነውና፣ አደራዎን፣ ያስጠብቁት።»

አንበሳ የእሳት እራት ምን እንደሆነ አላወቀም። ንጉሥ ደግሞ አላወቅሁም አይልም። ጎፈሩን ነስንሶ «እኛስ ይህን መቼ አጣነው!» አለና፣ ወደ ጉባኤው ዞሮ «የእሳት እራታችንን የሚጠብቅ ታማኝ ይቅረብ!» ብሎ አወጀ።

አያ ጅቦ ጉባኤው ላይ የደረሰው ገና ያኔ ነው። አንድ የከረመ ሰኮና ሲልስ ዘግይቶ። የሽመላን ነገር አልሰማም፤ ከአዋጁም ጆሮው ውስጥ ዘልቃ የገባችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ እሷም «እራት» የምትለዋ ናት።

«እኔ! እኔ እጠብቃለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ምራቁ የፊት ረድፍ ላይ የነበሩትን አረጠባቸው።

እትዬ አህያ ደነገጠች። «ኧረ ጃንሆይ! ለጅብ አደራ ሲሰጥ የት አገር ታይቷል?»

አንበሳ ግን ማዛጋት ጀምሮ ነበር። «ይጠብቅ። ሌላ ማን እጁን አወጣ?» አለና እዚያው ዙፋኑ ላይ ተኛ። ሹመት እንዲህ በማዛጋት የሚሰጥበት አገር ነበር። ሽመላም አደራዋን የሰጠች መስሏት መንገዷን ቀጠለች።

አያ ጅቦ ወደ ሣሩ ሲወርድ ጅራቱ እንኳ ሹም ሹም ሸትቷል። «እሳት እራት አለው!» ይላል ለራሱ። «ያውም በአገር ምድሩ የታወጀለት እራት! ስንት ሰንጋ ቢሆን ነው? እኔ ሰኮና ስልስ እሳት ለብቻው ሙክት ሊበላ? ኧረ ወዲያ!»

ከዚያማ ፍለጋ ሆነ። አሸተተ፤ ቆፈረ፤ ድንጋይ ገለበጠ። ከአይጥ ጉድጓድ በቀር ያገኘው ነገር የለም። ሆዱ እየጮኸ፣ ንዴቱ እየባሰ፣ ሣሩን በአራት እግሩ ሲያተራምስ፣ ከአፍንጫው ሥር ካለች አንዲት አገዳ ላይ ቀጭን ድምፅ ሰማ። የእሳት እራቶቹ ሁሉ ታላቅ፣ እማማ ብናኝ ነበረች።

«አያ ጅቦ፣ ቀስ ብለህ ርገጥ እንጂ! እንቁላሎቼ ከእግርህ ሥር ናቸው» አለችው።

«ዞር በይ አንቺ ብናኝ! የመንግሥት ሥራ ላይ ነኝ።»

«ምን ሥራ ይዘህ ነው?»

«የእሳት እራት ጠባቂ! የት እንዳስቀመጡት ግን የነገረኝ የለም።»

እማማ ብናኝ ከት ብላ ሳቀች። «አንተ ሞኝ፣ ስማችን'ኮ ነው! የእሳት እራት የሚሉን እኛን ነው። እሳት ስናይ አያስችለንም፣ ሄደን እንገባበታለን። ስሙ የወጣልን ለዚህ ነው።»

አያ ጅቦ አጎንብሶ አያት። ከራስዋ እስከ እግርዋ ለማየት ብዙም ጊዜ አልፈጀበትም።

«አንቺ? እራት?» አለና ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። «አንቺን የበላ እሳትማ ጾም አልገደፈም! ይልቅ አታሹፊብኝ፤ ሙክቱን የት ነው የደበቃችሁት?»

«የምን ሙክት አመጣህብኝ? እዚህ ያለነው እኛና ሣሩ ነን። ሣሩ ከጠፋ እኛም የለንም፤ ዘር የምንዋስበት ዘመድ በሌላ አገር የለንም። ጠብቅ ተብለሃል አይደል? እንግዲያው ሣሩን ጠብቅልን፤ ሌላ ምንም አናስቸግርህም።»

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ነገሩን ከነትርጓሜው አስረዳችው። ለድንጋይ ብትነግረው ኖሮ ድንጋዩ «እሺ እማማ» ባለ ነበር። አያ ጅቦ ግን ሙክት ያልተባለበት ንግግር ንግግር አይመስለውም። «እነዚህ ተማክረው ሊበሉብኝ ነው» ብሎ አኩርፎ ሄደ።

የሄደው ወደ እመት ቀበሮ ነበር። እመት ቀበሮ ከአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ተጋድማ አይጥ እስኪወጣላት ትጠብቃለች። አይጦቹ ደግሞ ሣሩ ረዝሞላቸው፣ በአንዱ ጉድጓድ ስትጠብቃቸው በሌላው እየወጡ መሳቂያ አድርገዋታል።

«እመት ቀበሮ፣ አንቺ ብልህ ነሽ» አላት። «የእሳት እራት ወዴት ነው ያለው? አንዲት ብናኝ እኛ ነን ብላ ልታሞኘኝ ሞከረች።»

እመት ቀበሮ ነገሩ ወዲያው ገባት። የእሳት እራት ምን እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። አያ ጅቦን አየች፤ የደረቀውን ሣር አየች፤ የአይጦቹን ጉድጓድ አየች፤ ከዚያ ፊቷን አሳዝና ተነሣች።

«ወይ ጉድ! አንተን የመሰለ ሹም በብናኝ ይሾፍበት? እስቲ ልጠይቅህ፤ ባለቤቱ ሳይመጣ እራት ይቀርባል?»

«አይቀርብም።»

«የእራቱ ባለቤት ማን ነው?»

«እሳት ነዋ!»

«ታዲያ እሳት በሌለበት የእሳትን እራት ፍለጋ ትኳትናለህ? ሄደህ ጥራው እንጂ! መጥቶ ሣሩ መሐል ይቀመጣል፤ እራቱም ካለበት ይወጣለታል። አንተ ጠባቂው አይደለህ? ከማንም በፊት ትቀምሳለህ!»

«እቀምሳለሁ ብቻ?»

«እሱማ እንደ ጥርስህ ነው። ብቻ ስትጠራው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይሁን። እኔ በዚያኛው ጫፍ ቆሜ ፍርፋሪውን እለቃቅማለሁ፤ ፍርፋሪ ለኔ መች አነሰኝ።»

አያ ጅቦ ከደስታው ብዛት መሬት ላይ ተንከባለለ። ፍርፋሪው ለሷ፣ ሙሉው እራት የሱ! እንዲህ ያለች ደግ ቀበሮ አይቶ አያውቅም።

በባሕሩ ዳር ዓሣ አጥማጆች ዓሣ ጠብሰው፣ እሳቱን ሳያጠፉ ወደ ጀልባቸው ተመልሰው ነበር። አያ ጅቦ አንድ ትንታግ መርጦ በጥርሱ ነክሶ ተነሣ። ጢሱ ዓይኑን አስለቀሰው፤ ለምግብ ሲሆን ሁሉን ይችላልና ቻለው። ከሣሩ ዳር ሲደርስ እትዬ አህያን ፊት ለፊት አገኛት።

«አያ ጅቦ፣ አፍህ ላይ የሚጨሰው ምንድን ነው?»

ትንታጉን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ፣ አፉን ጠርጎ፣ «እንግዳ ነው» አላት። «እራት ጠርቼው ነው።»

«የት ሊበላ?»

«እዚህ ሣሩ ላይ።»

«አብደሃል እንዴ አንተ! ሣሩ ከነደደ ነገ ምን እግጣለሁ? ሚዳቋስ ምን ትበላለች? አንተስ ብትሆን?»

«ነገ?» አለ አያ ጅቦ፣ እውነትም ግራ ገብቶት። «እኔ ስለ እራት አወራሻለሁ፤ አንቺ ነገን ከየት አመጣሽብኝ?»

በሌላ አገር አንዲት አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። ይህችኛዋ ግን ለሰርዶው ልትሞት ቆርጣ፣ ዞራ ትንታጉን በእርግጫ ወደ ባሕሩ ልትልከው ስትል፣ አያ ጅቦ ቀድሞ ነጠቃትና ሮጠ። እሷም አንበሳን ልትቀሰቅስ ጋለበች። ዙፋኑ ሥር ቆማ እስኪበቃት አናፋች። አንበሳ በአንድ ዓይኑ አየት አድርጓት «ጠባቂ ሾመናል አይደል?» አለና በሌላ ጎኑ ተገላበጠ።

ደረቅ ሣር ለመንደድ ልመና አይፈልግም። ነፋሱ ከባሕሩ ተነሥቶ እሳቱን እፍ እያለ ወደ መሐል ነዳው። አያ ጅቦ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣ ለግብር እንደተጠራ መኳንንት ተደላድሎ ተቀመጠና «እራቱን አቅርቡ!» ብሎ አዘዘ።

አይጦቹ እየተንጫጩ በማዶ በኩል ወጡ፤ እመት ቀበሮም አንድ በአንድ ተቀበለቻቸው። ሚዳቋዎቹ ወደ አሸዋው ሸሹ። ከየአገዳው ሥር ደግሞ የእሳት እራቶቹ ተነሡ። እነሱ አልሸሹም፤ መሸሽ አልተፈጠረባቸውም። ብርሃን አዩ፣ ወደ ብርሃኑ ሄዱ። ሣሩ የወለዳቸው ሁሉ፣ ትልቅ ትንሹ፣ እየተከታተለ ነበልባሉ ውስጥ ገባ። እንቁላሎቹማ ከነሣሩ ነደዋል።

እማማ ብናኝ መጨረሻ መጣች። ክንፏን እምቢ ልትለው ትሞክራለች፤ ክንፏ ግን አይሰማትም። በአያ ጅቦ ፊት ስታልፍ እንደምንም ቆም አለች።

«ጠባቂያችን!» አለችው። «እራቱ ይኸው ቀረበልህ። ምን ትጠብቃለህ? ብላ እንጂ!»

«ዞር በይ ከፊቴ!» አላት አያ ጅቦ፣ አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያሰገገ። «ሙክቱን ጋረድሽብኝ።»

ከፊቱ ዞር አለችለት።

በማግስቱ ደሴቲቱ ጥቁር ምጣድ መስላ ነጋች። አንበሳን የቀሰቀሰው ጩኸት ሳይሆን አመድ ነው፤ አፍንጫው ገብቶ አስነጠሰው። ወዲያው ጠባቂውን አስጠራ። አያ ጅቦ ጢሙ ተለብልቦ፣ ጅራቱ ተጠብሶ ቀረበ።

«የእሳት እራታችን የት አለ?»

«አለቀ ጃንሆይ።»

«ማን በላው?»

«ባለቤቱ።»

«አንተስ? አንተስ በላህ?»

አያ ጅቦ እንባው ዱብ ዱብ አለ። በሕይወቱ ከልቡ ያለቀሰው ያን ቀን ብቻ ነው። «አልቀመስኩም ጃንሆይ! እዚያው ተቀምጬ እሳቱ ቀደመኝ!»

አንበሳ ሊሰብረው መዳፉን አነሣ። ነገር ግን ከቀጣው «ማን ሾመው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ስለዚህ መዳፉን ቀስ ብሎ መለሰና ጎፈሩን አከከበት።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሆነ። እሳቱ ሣሩን እስከ ሥሩ ስለበላው ተመልሶ አልበቀለም። እትዬ አህያ የባሕር አረም ቀምሳ ተፋች፤ ጎድኗ ወጣ፤ አንድ ቀን አሸዋው ላይ ተኝታ ሳትነሣ ቀረች። ሚዳቋዎቹም ተከተሏት። አያ ጅቦ ያን ሰሞን እስኪነፋ በላ። «አላልኳችሁም? ዘገየ እንጂ እራቱስ መጣ!» እያለ ተዘባነነ። ቀጥሎ የሚወድቅም አለቀ። አንበሳ ከዙፋኑ ወርዶ ሸርጣን ሲያባርር ታየ። በዓመቱ ሽመላ መጣች፤ ጥቁሩን ሜዳ ከላይ ሆና ዞረችው፣ ደግማ ዞረችው፣ ሳታርፍ ተመለሰች።

በመጨረሻ አያ ጅቦ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ እመት ቀበሮ ዘንድ ደረሰ። እሷም አይጦቹን በአንድ ማታ ጨርሳ፣ ከዚያ ወዲህ የሚያጠግብ ነገር አላገኘችም። ብልጠቷ ካንድ ማታ አላለፈም።

«እመት ቀበሮ» አላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «እራቱስ አመለጠኝ። የእሳት ምሳስ የት ነው ያለው?»

እመት ቀበሮ ሜዳውን አየችው፤ የራሷን ጎድን አየችው። ለመዋሸት እንኳ ጉልበት አጣች።

«ምሳውማ እኛው ነን» አለችው።

አያ ጅቦ ጆሮውን ቀሰረ። ስለ ምግብ የተነገረ ነገር መሆኑ ብቻ ገባው። ፊቱ በራ።

«ቆይኝ፤ መጣሁ!» አለና እሳት ሊያመጣ ወደ ባሕሩ ዳር ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ በሆዱ የሚሰማን ሰው ጠባቂ አድርጎ የሚሾም አገር፣ ጠፍቶ የማይተካውን ሀብቱን ለአንድ እራት፣ ያውም ላልተበላ እራት፣ ማስረከቡ እንደማይቀር ነው።