የጾም ማለዳ ብስኩት

አንድ ቁጣው የሚያስፈራ ንጉሥ ነበረ። የበቅሎው ኮርቻ ላልቶ ቢያገኘው ጫኚውን በአደባባይ አስገርፎ ካገር አስወጥቶታል። ከዚያ ወዲህ በግቢው ውስጥ ደፍሮ የሚያስነጥስ እንኳ ጠፋ።

የንጉሡ ጋጋሪ ደብሪቱ ትባላለች። ንጉሡ ለቁርስ የአይብ ብስኩት ይወዳልና፣ እሷ ማለዳ ተነሥታ አይቡን በጨርቅ ታጠልላለች፣ ከቅቤና ከስንዴ ዱቄት ጋር አሽታ ትጋግርና ትኩሱን ትልካለች። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና አርብም ይበላል፤ ስለዚህ ያን ሰሞን አንድም ቀን ሳታርፍ ጋገረች። እጅ ክፉ ነው፤ አንዴ ከለመደ ባለቤቱን አይጠይቅም።

አንድ ሰኞ አሳላፊው ትሪውን ይዞ ወደ አዳራሹ ከሄደ በኋላ፣ ደብሪቱ ወደ ጓሮ ብቅ ስትል ወጥ ሠሪዋ የቅቤ ድስቶቹን ሁሉ በአመድ ስትፈትግ አገኘቻት።

"ምን ሆነሽ ነው በጠዋቱ ድስት የምትፈትጊው?" አለቻት።

"ምን ሆነሽ ትይኛለሽ? ሃምሳው ትናንት አለቀ አይደል እንዴ! ዛሬ የሰኔ ጾም ገባ።"

ደብሪቱ ክው አለች። በጾም መግቢያ ቀን ንጉሡን አይብና ቅቤ ልታበላ ነው! ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ አዳራሹ ሮጠች፤ መጋረጃው ጋ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ንጉሡ ለክብር ብሎ የመጀመሪያውን ብስኩት ለንስሐ አባቱ አጉርሶ፣ ሁለተኛውን ለራሱ አንሥቷል። ቄሱ ጉንጫቸው አብጦ፣ ሳይውጡም ሳይተፉም ጣራ ጣራውን ያያሉ። መኳንንቱ መሬት መሬቱን ያያሉ። ያን ጊዜ ሁሉም ማወቃቸው ገባት፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ያልደፈሩትን ልትደፍር እሷ ማን ናት?

መጋረጃው ጋ የቆመው አሳላፊ ክንዷን ያዛት። "ተይ ደብሪቱ፣ ዝም አይነቅዝም። እሱ ከበላ ማን ይጠይቅሻል? ከተናገርሽ ግን ጀርባሽን ተሰናበቺው።"

እውነቱን ነው። ዝም ብትል ትተርፋለች። ጥርሷ ይፋጫል፣ ላብ አጥምቋታል። ነገር ግን ሰውን በገዛ እጇ ጾም አስገድፋ እንዴት ልታድር ነው? መጋረጃውን ገልጣ ገባችና በግንባሯ ተደፋች።

"ጃንሆይ፣ አይቅመሱት! ጾም ገብቷል። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ንጉሡ ብስኩቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ ንስሐ አባቱ ዞረ።

"አባ፣ ጾም መግባቱን ያውቁ ነበር?"

ቄሱ መመለስ አልቻሉም፤ አፋቸው ሙሉ ነው። በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ታዲያ ሳጎርስዎ ለምን ዝም አሉ?"

ቄሱ እንደ ምንም ብስኩቱን መዳፋቸው ላይ ተፉና፣ "ጃንሆይ፣ ፈራሁዎ" አሉ።

ንጉሡ መኳንንቱን አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ዛሬ ስለ አይብ ዝም ያሉ ሰዎች ነገ ስለ መርዝ ዝም አይሉም? ጠላት በሩ ላይ ቢቆምስ ማን ይነግረዋል? ለመጀመሪያ ጊዜ ንጉሡ ራሱ ፈራ።

"ተነሺ፣ የሚነካሽ የለም" አላት ደብሪቱን። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "በዚህ ቤት ከዚች ሴት በቀር ወዳጅ የለኝም ማለት ነው?" ብሎ ጠየቀ።

ከመኳንንቱ መካከል "አለን" ብሎ ሊመልስለት የደፈረ አልነበረም።

ወዳጆቼ፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ሰው የተከበረ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ብቻውን ነው። በትንሹም በትልቁም ጅራፍ የሚያነሣ፣ ገደል አፋፍ ሲደርስ "ቁም" የሚለው አያገኝም። እውነት የሚናገርም ሰው የማይፈራ ሆኖ አይደለም፤ ደብሪቱ የተናገረችው እየተንቀጠቀጠች ነው። እስቲ ቤትዎንና መሥሪያ ቤትዎን ዞር ብለው ይዩ፦ እርስዎን ፈርቶ ዝም ያለ ማን አለ?