ደንገጎን የሚነክስ ጎማ

ጎማ ማለት መኪና መሬትን የሚነካበት ብቸኛ አካል ነው። የቀረው ሁሉ፣ ሞተሩም፣ መሪውም፣ የባለቤቱ ኩራትም፣ አየር ላይ ያለ ነገር ነው። በድሬዳዋ ይህን ከልባቸው የሚያምኑ አንድ ሰው ነበሩ፤ የከዚራው አቶ ዘርጋው።

አቶ ዘርጋው አንዲት አሮጌ አልፋ መኪና አለቻቸው። ባለአራት በር ናት፤ ስትታይ የቤተሰብ መኪና ትመስላለች፤ ጠባይዋ ግን የእሽቅድምድም ነው። በወጣትነታቸው በእሷ የደንገጎን ዳገት ሲሽቀዳደሙ፣ አጠገባቸው ተቀምጠው መታጠፊያውን አስቀድመው የሚጠሩላቸው ጓደኛቸው መምህር አብዱሰላም ነበሩ። «ቀኝ ጠባብ! ግራ ረጅም! አትፍራ፣ አቦ!» ዛሬ አልፋዋ ጎማዋ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ድንጋይ ላይ ቆማለች። የመምህር አብዱሰላም ዐይንም እየደከመ ነው፤ ሐኪሙ ክረምቱን አይሻገርም ብሏቸዋል።

«ሳይጨልምብኝ ደንገጎን አንዴ አሳየኝ» አሉ መምህር አብዱሰላም።

አቶ ዘርጋው ጎማው የሚገባባቸውን ብረቶች፣ ቸርኬዎቹን፣ ፈትተው በፈረስ ጋሪ ጫኑና ጎማ ሻጩ ሐጂ ዩያ ዘንድ ሄዱ። ሐጂ ሁለት ዓይነት ጎማ አወጡ። አንደኛውን በእርግጫ መቱት። «ይሄ ድንጋይ ነው። አንተን ቀብሮ ይመለሳል።» ሁለተኛውን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። «ይሄ ለስላሳ ነው። አስፋልቱን ይነክሳል፣ መታጠፊያ ላይ አይከዳህም። ግን ቶሎ ያልቃል፤ ዕድሜ የለውም።»

«ዕድሜ ማን ጠየቀዎት፣ ሐጂ? የሚነክሰውን ይስጡኝ።»

ሐጂ ጋሪው ላይ ወዳሉት ቸርኬዎች ጎንበስ አሉ። «ሦስቱ እህትማማች ናቸው። ይሄ አራተኛው የማን ልጅ ነው?»

አራተኛው በምትክ የገባ የፒካፕ ቸርኬ ነበር፤ ሰፊ ነው፤ ጎማው አይገባበትም። የአልፋዋን እውነተኛ አራተኛ አቶ ዘርጋው ባሸነፉበት ዓመት፣ በደስታ ብዛት፣ ደወል ላልነበረው ትምህርት ቤት ሰጥተውታል። እስከ ዛሬ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ እንደ ደወል በብረት ይመታል።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ዘበኛው ሙሜ ተቀምጧል።

«ሙሜ፣ መኪናዋ ያለ ጎማ እምቢ አለች፣ ጎማው ያለ ቸርኬው እምቢ አለ። ቸርኬዬን አውርድልኝ።»

«ቸርኬ የሚባል እዚህ የለም» አለ ሙሜ ወደ ዛፉ ቀና ብሎ። «ያ ደወል ነው። ያለ ዳይሬክተሯ ደግሞ ቅጠል አይወርድም።»

አቶ ዘርጋው ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ነጂሃት ቢሮ ገቡ። «መኪናዋ ያለ ጎማ እምቢ፣ ጎማው ያለ ቸርኬው እምቢ፣ ቸርኬው ያለ ሙሜ እምቢ፣ ሙሜ ያለ አንቺ እምቢ።»

«ጋሼ፣ እኔም በዚህ ደወል ነው የተማርኩት» አለች ወይዘሮ ነጂሃት። «ሌላ ብረት ቢጮህ ማን ክፍል ይገባል? እንደሱ የሚጮህ ያምጡና ይውሰዱት። ግን እሱን መምሰሉን ጋሽ አብዱሰላም ሰምተው ይፍረዱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሱ ነው ያስተማሩት።»

አቶ ዘርጋው ወደ ጓደኛቸው ሰፈር ወደ መጋላ ወረዱ። መምህር አብዱሰላም ፎቁ ላይ መስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«መኪናዋ ያለ ጎማ እምቢ፣ ጎማው ያለ ቸርኬው እምቢ፣ ቸርኬው ያለ ሙሜ እምቢ፣ ሙሜ ያለ ዳይሬክተሯ እምቢ፣ ዳይሬክተሯ ያለ አንተ ጆሮ እምቢ። ተነስ፣ ብረት ተራ ሄደን ታዳምጣለህ። ጋሪው በር ላይ ነው።»

«ጋሪ?» መምህር አብዱሰላም ደነገጡ። «በዚህ ዐይኔ የማየው የመጨረሻ ነገር የፈረስ ጭራ እንዲሆን ነው? ከዚህ ቤት የምወጣው በአልፋዋ ነው።»

«አልፋዋ ጎማ የላትም!»

«ግዛላታ!»

አቶ ዘርጋው ወጥተው ለባለጋሪው ነገሩት። መምህሩ ያለ መኪናዋ እምቢ፣ መኪናዋ ያለ ጎማ እምቢ፣ ጎማው ያለ ቸርኬው እምቢ፣ ቸርኬው ያለ ሙሜ እምቢ፣ ሙሜ ያለ ዳይሬክተሯ እምቢ፣ ዳይሬክተሯ ያለ መምህሩ ጆሮ እምቢ፣ መምህሩ…

«ይበቃል ጋሼ» አለ ባለጋሪው። «ይሄ አደባባይ ነው። ፈረሴም ዞረባት።»

አቶ ዘርጋው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ መታጠፊያ ሲያሸንፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጆሮው ወደ ብረቱ ካልመጣ ብረቱ ወደ ጆሮው ይሂድ አሉ። ብረት ተራ ወርደው ያገኙትን አሮጌ ቸርኬ ሁሉ ለምነው ጫኑና መስኮቱ ሥር ቆመው ይመቱ ጀመር።

«ድስት ነው» አሉ መምህሩ ከላይ። ሌላ ተመታ። «ይሄ ጉንፋን ይዞታል።» ሌላ። «ይሄስ አማቴን ነው የሚመስለው፤ አርቀው።»

ቸርኬው አለቀ። ጋሪው ላይ የቀረው ያ የፒካፑ ብቻ ነው። አቶ ዘርጋው ሁሉንም ነገር ያበላሸባቸውን ብረት በሁለት እጃቸው አንስተው በንዴት ድንጋዩ ላይ ወረወሩት።

ጓንንን አለ። መንገዱ ሁሉ ሰማው።

መምህሩ ከመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

«እስቲ እንደገና ምታው» አሉ መምህር አብዱሰላም። ተመታ። «የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ» አሉ፣ ዐይናቸውን እየጠረጉ። «ሒሳብ። አራተኛ ቢ። እሱ ነው።»

መምህሩ እሱ ነው ቢሉ ዳይሬክተሯ እሺ አለች፣ ዳይሬክተሯ እሺ ብትል ሙሜ እሺ አለ፣ ሙሜ እሺ ቢል ቸርኬው ከዛፉ ወረደ፤ የፒካፑም በቦታው ተሰቀለ። ቸርኬው ቢወርድ ጎማው ገባ፣ ጎማው ቢገባ መኪናዋ ተነሳች፣ መኪናዋም መጋላ ሄዳ መምህሩን ከበራቸው ወሰደች።

ደንገጎን በጠዋት ወጡት። ለስላሳው ጎማ ሐጂ እንዳሉት አስፋልቱን ነከሰ። መምህር አብዱሰላም ፊታቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው መታጠፊያውን ይጠራሉ። አንዳንዱን ግራ ሲሆን ቀኝ አሉት። አቶ ዘርጋው «እሺ» እያሉ ወደ ግራ ታጠፉ።

ጫፍ ላይ ቆሙ። ከታች ድሬዳዋ በፀሐይ ተኝታለች።

«አየህ?» አሉ አቶ ዘርጋው።

«ሁሉንም አየሁ» አሉ መምህር አብዱሰላም። «አንተ ግን ቀርፋፋ ሆነሃል።»

ክረምቱ ገባ። የመምህር አብዱሰላም ዐይን ጠፋ። ዕድሜ የለውም የተባለው ጎማ ግን አላለቀም።