የመምህር ጥላዬ ድምፅ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ መምህር ጥላዬ የሚባሉ እንቆቅልሽ አዋቂ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሦስት ልጆቻቸው ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚሆን የኮምፒውተር ጨዋታ ሊሠሩ ተነሡ። መምህሩ «እንቆቅልህ!» ይላሉ፤ ተማሪው ይመልሳል፤ መልሱ ከጠፋው እንደ ደንቡ አገር ይሰጣል፣ መምህሩም አገሩን ተቀብለው ይሳለቁበታል። ትልቁ ይርጋ ፕሮግራሙን ጻፈ፣ ስንዱ የአባቷን ድምፅ ቀረጸች፣ ታናሹ አንለይ የተቀረጸውን አጠራ።

መምህሩ ያን ጊዜ ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ቀረጻው ሲያበቃ «ለፈለገ ሁሉ ይድረስ፤ ያላልኩትን ግን እንዳታናግሩኝ» አሉ። ወረቀት ያመጣ የለም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ በሚባልበት ቤት ፊርማ መጠየቅ ነውር ነበር። በሳምንቱ አረፉ።

ጣጣው ከአርባቸው በኋላ መጣ። የዓይነ ስውራኑ ትምህርት ቤት ኢንተርኔት የለውም፤ ኮምፒውተሮቹ ላይ የሚጫነው በዓመት አንዴ በሃርድ ዲስክ የሚመጣው የነጻ ፕሮግራሞች ስብስብ ብቻ ነው። የስብስቡ ኃላፊዎች «ፕሮግራሙን ተቀብለናል። ድምፁን ግን ማንም እንዲቀዳው፣ እንዲለውጠውና እንዲሸጠው ወራሽ ፈርሞ ካልፈቀደ አናስገባም» ብለው ጻፉ። ደብዳቤው ሲነበብላቸው የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ አስካለ፣ «በቃሉ ያደረን ሰው አሁን ፈርም ይሉታል?» ብለው አለቀሱ።

ይርጋ አልፈርምም አለ። «አባዬ ያላልኩትን አታናግሩኝ ብሏል። ቃሉን አላፈርስም።» የድምፁን ፎልደር ባዶ አድርጎ ፕሮግራሙን ብቻ ላከ። ዲስኩ ሲደርስ ወይዘሮ አስካለ ይህን ሳያውቁ የባላቸውን ድምፅ በልጆች መካከል ሊሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ልጆቹ ቁልፉን ተጫኑ፤ ዝም። ደግመው ተጫኑ፤ ዝም። ወይዘሮ አስካለ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ፤ ጨዋታው ዓመቱን ሙሉ ዲዳ ሆኖ ከረመ።

ስንዱ አልቻለችም። «ለፈለገ ሁሉ ይድረስ ያለውስ የማን ቃል ነው?» ብላ ማንንም ሳታማክር ፈርማ ድምፁን ላከች። በዓመቱ ትምህርት ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ አንዷ ጎንደርን ሰጠች፣ አንዱ ሐረርን። ወይዘሮ አስካለም ከሐዘናቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቁ ግን አልከረመም። አንድ ቀን ከስንዱ ጋር ገበያ ወጥተው አንድ ነጋዴ በድምፅ ማጉያ «ይህን ቅባት የተቀባ ጉልበቱ ይድናል» የሚል ማስታወቂያ ሲያሰማ ደረሱ። ድምፁ የመምህር ጥላዬ ነበር፣ ከእንቆቅልሾቹ ቃል በቃል እየተቆረጠ የተቀጠለ። ስንዱ ሮጣ ሄዳ ብትጮህበት፣ ሰውየው ከዲስኩ ጋር የመጣውን የራሷን ፊርማ አሳያት። ወይዘሮ አስካለ ከዚያ ወዲያ ገበያ አልወጡም።

አንለይ በበኩሉ «ለአባዬ ድምፅ መፈረም ካስጨነቀን፣ ለራሴ ድምፅ መፈረም እችላለሁ» አለ። እንቆቅልሾቹን ሁሉ፣ የአባቱን ሳል ሳይቀር፣ በራሱ ድምፅ ደግሞ ቀረጸና በአባቱ ቦታ አስገባ። ሕጉ ሞላ፤ ሟቹም ያላሉትን አልተናገሩም። ነጋዴው ቅባቱን መሸጡን አልተወም እንጂ ሌላው ሁሉ መልክ ያዘ። አዲሱ ዲስክ ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ግን ልጆቹ ጥቂት አዳመጡና «ሽማግሌው የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ።

አሁን ወይዘሮ አስካለ ራሳቸው አልጋ ይዘዋል። ዋናው መቅረጸ ድምፅ ትራሳቸው ሥር ነው፤ ጨዋታው ውስጥ ያልገቡ አርባ እንቆቅልሾች አሉበት። መጨረሻው ላይ፣ ስንዱ ማጥፋቱን በረሳችበት ደቂቃ፣ ባላቸው «አስካለ፣ እስቲ ውሃ አቀብይኝ» ይላሉ። ይህን በሰሙ ቁጥር አቅም የሌላቸው ሴትዮ ሊነሡ ይሞክራሉ።

ሦስቱም ልጆች መቅረጫውን ለምነዋቸዋል። «ሁላችሁም የአባታችሁን ቃል አከበርን ትላላችሁ» አሉ እናት። «እኔ ግን ሰውየውን አጣሁት።»

ለይርጋ ቢሰጡት ይቆልፍበታል። ለስንዱ ቢሰጡት ለዓለም ትበትነዋለች። ለአንለይ ቢሰጡት ውሃውን በራሱ ድምፅ ይጠይቃል። እናንተ የምትሰሙኝ፣ መልሱ ቢጠፋችሁ አገር ስጡኝ አልልም፤ ይህን አገር አይክሰውም። ብቻ ሴትዮዋ ሳይሞቱ ንገሩኝ፦ መቅረጫው የሚገባው ለማን ነው?